የጓያው እንፋሎት

ወንድሜ በእግሩ ጣቶች ጫፍ እየረገጠ፣ አንዱን እግሩን በሌላው ላይ እያጠላለፈ ወደ ተከራየኋት ክፍል ሲመጣ ሳየው ሳቅሁ። ሊያስቀኝ የመጣ መስሎኝ ነበር። የዳኛውንም የቄሱንም አረማመድ እያስመሰለ ሰፈሩን ሁሉ ሲያስቅ ያደገ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ስልቻውን ከትከሻው አውርዶ ሊቀመጥ ሲል ጉልበቱ አልታጠፍ አለው። እንደ ግንድ ቀጥ እንዳለ በጎኑ ወደቀ። ሮጬ ክንዱን ያዝኩት።

«ምን ሆነህ ነው ወንድማለም?»

«እኔስ ምን አውቄ እታለም። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ባቴን ጨምድዶ ይይዘኛል። መንገዱ ያፍታታዋል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ባሰበት።»

ያኔ ሰቆጣ የምማር የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። መንደራችን ያለው ሰቆጣ ዙሪያ ነው፤ «ዙሪያ» ሲባል ግን ቅርብ እንዳይመስላችሁ፣ ጎህ ሲቀድ የተነሳ ሰው የሚደርሰው ከቀትር በኋላ ነው። የገጠር ተማሪ ለሦስት ለአራት ሆኖ አንዲት ክፍል ይከራያል፤ ስንቁንም በገበያ ቀን ከቤተሰቡ ይቀበላል። አባታችን ከሞተ ወዲህ የኔን ስንቅ የሚያመጣልኝ ታላቅ ወንድሜ ነበር። አራሹም እሱ፣ አጫጁም እሱ፣ ተሸካሚውም እሱ።

ዘመኑ ክፉ ነበር። ክረምቱ ከድቶን የሌሎቹ ተማሪዎች ስንቅ በየገበያው እየሳሳ ሲሄድ፣ የኔ ስልቻ ግን ጭራሽ እየከበደ ይመጣ ነበር። ቆሎውም የገብስ፣ በሶውም የገብስ፣ ቂጣውም የገብስ። እናቴ ዘዴኛ ናት እያልኩ እኮራ ነበር። እየተጀነንኩም ለጓደኞቼ አካፍል ነበር።

ወንድሜን በማግስቱ በሰው አህያ ጭነን ወደ ቤት መለስነው። የዚያን ቀን መንገድ እስከዛሬ አልረሳውም፤ እኔ እንዳይወድቅ ከጎኑ ደግፌው እሄዳለሁ። እሱ ግን አህያዋን «ቀስ በይ እሜቴ፣ ጌታሽን ተሸክመሻል» እያለ ይቀልድባት ነበር።

በእኛ አገር ጓያ እግር እንደሚሰብር የማያውቅ የለም። ሌላው እህል በዝናብ እጦት ሲደርቅ እሱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል፤ የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ሌላው ሲጠፋ እሱ ይበላል። ሰው የሚፈራው ግን መብላቱን አልነበረም። የሚፈራው እንፋሎቱን ነበር። እምዬ የጓያ ንፍሮ ስትጥድ ልጅ ሁሉ ከቤት ይወጣል፣ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል። እሷም አፍና አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ የድስቱን ክዳን በእንጨት ትገፋዋለች። እንፋሎቱ ወጥቶ እስኪያልቅ ወደ ውስጥ ዝር የሚል የለም። በጓያ ገለባ ላይ መተኛትም ክልክል ነው። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ካለቀ በኋላ ንፍሮው ይቀዘቅዝና በእፍኝ እየዘገንን እንበላዋለን።

ለዚህ ነው ወንድሜ ሲወድቅ መንደሩ ሁሉ ግራ የተጋባው። ቀኑን ሙሉ ከበሬ ኋላ የሚውል፣ ማጀት የማይገባ ሰው እንፋሎቱ የት አገኘው? አንድ ሽማግሌ ቄስ ጎረቤታችን ሊጠይቁት መጡና ከአጠገቡ ተቀምጠው ብዙ አሰቡ።

«ተኝተህ ሳለ አግኝቶህ ይሆናል ልጄ። እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው አይከላከልም።»

«እርስዎ ካሉ ይሆናል አባ» አላቸው። ከዚያ በኋላ ለጠየቀው ሁሉ መልሱ ይህ ሆነ፤ ተኝቼ ሳለ እንፋሎቱ አገኘኝ። እኔ ነገሩን ስቆሰቁስበት ደግሞ «ዝም አይነቅዝም» ብሎ ያልፈዋል። መጀመሪያ አንድ ምርኩዝ ያዘ። መከር ሲደርስ ሁለት ሆነ። መሬቱን ለጎረቤት ለእኩል ሰጠነው፣ በሬዎቹንም እሱ ባለበት ሌላ ሰው ጠመዳቸው። እሱም ከደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሚያርሰውን ሰው አስተራረስ እያስመሰለ ያስቀን ነበር። እኔ አልስቅም። ከዚያች ቀን ወዲህ በሱ ቀልድ መሳቅ ፈራሁ።

ትምህርት ቤት የተመለስኩት እምዬ እየገፋችኝ ነው። ስንቄን ጎረቤት ያመጣልኝ ጀመር፤ ስልቻውም ቀለለ። እህሉ እያለቀ ነው ብዬ አስቤ ምንም አልጠየቅሁም።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሥነ ሕይወት መረጥኩ። አንድ ቀን አስተማሪው ስለ መርዛም ዕፅዋት ሲያስረዳ ጓያን ጠራው። ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲበላ እግርን የሚያዙትን የአንጎል ህዋሶች ይገድላል አለና ወደሚቀጥለው ተክል አለፈ። እንደ ዋዛ። እኔ ግን «ሲበላ» ያላት ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረች። እጄን አወጣሁ።

«እንፋሎቱ አይደለም እንዴ?» አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ አለቀ። አስተማሪው ሳይስቅ፣ እንፋሎቱ ምንም እንደማያደርግ አስረዳኝ። እናቴ ያን ሁሉ ዘመን በሩን ስትከፍት፣ ፊቷን ስትጠቀልል፣ ልጅ ስታስወጣ፣ መርዙ በሰሃን ቀርቦ ይጠብቀን ኖሯል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ያን ዓመት ጉዱን እኔ ቀድሜ ሰማሁ።

ክረምት ላይ አገሬ ስገባ ሻንጣዬን ሳላወርድ ለእምዬ ነገርኳት። ቁጡ ነኝ፤ እሷም ከልጅነቴ ጀምሮ «ሚጥሚጣ» ነበር የምትለኝ። ነገሩን እንደ ዘለፋ ሳላስመስለው አልቀረሁም። እሷ ግን ረጋ ብላ ሰማችኝና አንዲት ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«ከአንድ መሶብ አይደለም እንዴ የበላነው? እኔም በላሁ፣ እሱም በላ፣ ጎረቤቱም በላ። ምነው ታዲያ እሱን ብቻ?»

መልሱን ያን ጊዜ አላውቀውም። ወንድሜ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ በሶውን በጣቱ እየጠረገ ይልሳል፤ እኛን ሰምቶ ኖሮ «ተይ እታለም፣ አትጨቃጨቂ። እንፋሎቱ ነው» አለኝ። ጣቱንም ልሶ ጨረሰ። እኔ ለሱ ብዬ ስከራከር እሱ ከእንፋሎቱ ጋር ወግኖ መቆሙ አበሸቀኝ።

የእምዬ ጥያቄ እንደ እሾህ እግሬ ውስጥ እንደገባ ቀረ። ግን ከሱ ይልቅ ሌላ ጥያቄ ነበር እንቅልፍ የነሳኝ፤ የሞተው ይተካል ወይ? መጻሕፍቱ ሁሉ አይተካም ይሉ ነበር። ቆዳ ሲቆረጥ ይተካል፣ አጥንት ሲሰበር ይጋጠማል፤ የአንጎል ህዋስ ግን ከሞተ ሞተ። ይህን ለፈተና ስጽፍ እጄ እምቢ ይለኝ ነበር።

ሁለተኛ ዲግሪዬን ስጨርስ ሌላ ወሬ መጣ። በአዋቂ ሰው አንጎል ውስጥም አዳዲስ ህዋሶች ይወለዳሉ የሚል። ወሬውን ያነበብኩት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መደርደሪያ ሥር ቆሜ ነው። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ስንት ሰው እያለፈ ምን ሆነሽ ይለኛል፣ እኔ እንደ እብድ ዝም ብዬ እስቃለሁ። የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝ ወደ ጠበል ይወስደኝ ነበር።

ወንድሜን ሰቆጣ ስልክ ቤት አስጠራሁት። በአህያ ተጭኖ መጣ።

«ይወለዳሉ» አልኩት።

«ምኖቹ?»

«የአንጎል ህዋሶች። በትልቅ ሰው ላይም ይወለዳሉ።»

«እግር የሚያዙትስ?»

«እሱን ልፈልግ ነው የምሄደው።»

በዚያው ዓመት ነፃ የትምህርት ዕድል አገኘሁና ባሕር ማዶ ሄድኩ። የገባሁበት ላብራቶሪ ሥራው ሁሉ የአንጎል ህዋስ አወላለድን ማጥናት ነበር። ለአይጦቹ አንድ ኬሚካል እንሰጣለን፤ ኬሚካሉ የሚገባው በመወለድ ላይ ባለ ህዋስ ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያ አንጎሉ ከሽንኩርት ልጣጭ በሳሳ ስስ ቅጠል ይከተፋል። ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጋችሁ ስታዩት አሮጌው ሁሉ ጨለማ ሲሆን አዲሱ አረንጓዴ ያበራል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ከወንበሬ ተነስቼ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። በምላሴ ጫፍ ላይ ቆመ። አጠገቤ የነበረው ተማሪ መሣሪያውን የሰበርኩ መስሎት ሮጦ መጣ።

ወንድሜ ስልክ በደወልኩ ቁጥር ሰላምታውን ሳይጨርስ ይጠይቀኛል። ላሙ መውለጃዋ እንደደረሰበት ሰው።

«እህሳ፣ ተወለዱ?»

«ተወለዱ።»

«የት?»

«ትዝታ የሚቀመጥበት ጥግ አለ፣ እዚያ። ሽታ የሚለይበትም ጋ።»

«ትዝታስ ሞልቶኛል። ፍየል መሽተቱንም አልረሳሁም። እግር ጋ ያሉትን እያቸው እስቲ።»

አየኋቸው። ለኔ የተሰጠኝ ሥራ ያ አልነበረም፤ በትርፍ ጊዜዬ ነው ያየሁት። እግርን የሚያዙት ህዋሶች ያሉት ከላይ፣ ከአናት በኩል ነው። ትልልቅ ናቸው፤ እያንዳንዱ ቀጭን ክሩን እስከ ጀርባ ድረስ ይልካል። መስታወቱን ወደነሱ ገፋሁት። ጨለማ ነበር። ብርሃኑን ጨመርኩ። ጨለማ ነው። ኬሚካሉን ያበላሸሁ መስሎኝ እንደገና ከተፍኩ፣ እንደገና ቀባሁ፣ የሌላ አይጥ አመጣሁ። ያችው አረንጓዴ ጥግ ወለል ብላ ታበራለች፤ ላይኛው ግን ድፍን ጨለማ ነው። አንድ እንኳን የለም።

አለቃዬ አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ። ጥቂት ቀን ሲታዘቡኝ ሰነበቱና ከኋላዬ መጥተው በማይክሮስኮፑ አጮለቁ።

«እዚህ ምን ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ። «እዚህ የሚወለድ የለም። እነዚህ ገና በእናት ማሕፀን ሳሉ ተወልደው ያለቁ ናቸው። ከሰውየው ጋር ይኖራሉ፣ ከሰውየው ጋር ይሞታሉ።»

ይህን ብለውኝ ወደ ሥራቸው ሄዱ። እሳቸው ምን ያድርጉ፣ የሚያውቁትን ነገሩኝ። እኔ ግን ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሬ፣ ያን ሁሉ ዓመት ተምሬ፣ ያገኘሁት ያው የጥንቱ የፈተና መልስ ሆነ። አይተካም። ካፖርቴን ሳልለብስ ወጥቼ በበረዶው ላይ ስሄድ ብርዱ የተሰማኝ ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲያ ጥናቴን ወደ ማሕፀኑ አዞርኩ። ካልተተካ አመጣጡን ልወቅ አልኩ፤ እልህ ነበር፣ ሌላ አይደለም። ህዋሶቹ የሚወለዱት ከሥር ነው፤ ከዚያ ወደ ላይ ይወጣሉ። ቀድሞ የተወለደ አንድ ረጅም ህዋስ ራሱን እንደ ምሰሶ ዘርግቶ ይቆምላቸዋል፤ እነሱ እሱን ተንጠላጥለው ይወጣሉ። ኋላ የተወለዱትም የቀደሟቸውን አልፈው ከላይ ይሰፍራሉ። እንጀራዬ ይህ ሆነ። ለወንድሜ ግን «ገና ናቸው» ማለት እየከበደኝ መጣ፤ በስልክ የሚነገር ነገርም አልመስል አለኝና ፈቃድ ጠይቄ ወደ አገሬ ተነሳሁ።

ሰቆጣ ስደርስ ተንቀሳቃሽ ስልክ ገብቶ፣ የተማርኩበት ሰፈር በቆርቆሮ ቤት ተሞልቶ አገኘሁት። ዝናቡ ግን ያው ነበር፤ ቀድሞ አቁሞ ጓያ ዳግም በየቤቱ ገብቷል። እኛ ቤት ገብስም አልጠፋም። እምዬ ግን እኔ የገባሁ ዕለት አዲስ የተወቃ ጓያ ለቅምሻ ብላ ድስት ጥዳ ነበር። ንፋስ ስለነበረ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ድስቱም ገና አልፈላም። ወንድሜ መደብ ላይ ሁለት ምርኩዞቹን ከጎኑ አጋድሞ ተቀምጧል፤ ጭኑ ላይ በሰፌድ የገብስ ቆሎ ይዟል። ጠጉሩ ሸብቷል። ሳመኝ፣ አገላብጦ ሳመኝ፣ ከዚያ ያችኑ ጥያቄ ጠየቀኝ።

«እህሳ?»

«አልተወለዱም ወንድማለም» አልኩት። «እዚያ አይወለዱም። ደጋግሜ አይቻለሁ።»

ቆሎውን ማላመጥ አላቋረጠም። የማለቅሰው እኔ ነበርኩ። «ምን ያስለቅስሻል» አለኝ። «የነበሩትስ ቢሆኑ መች ሰነፉ። ስንቅ አሸክመው ሰቆጣ ያደርሱኝ ነበር እኮ።»

እምዬ እሳቱን እየቆሰቆሰች «ታዲያ ይሄ ሁሉ ትምህርት ለምን ሆነ?» አለች። በክፋት አይደለም፤ እውነት ሊገባት ፈልጋ ነው። እኔን ግን ጠዘጠዘኝ።

«አንድ ነገር አውቄ መጥቻለሁ» አልኳት። «ያኔ ‹ምነው እሱን ብቻ› ብለሽ የጠየቅሽኝ ትዝ ይልሻል? ጓያን ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ የበላ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ለብቻው ለወራት የበላ፣ በዚያ ላይ ጉልበቱን በሥራ የሚጨርስ ሰው ነው የሚሰበረው።»

«እንዴ፣ እኛማ ቀላቅለን ነው የበላነው» አለች ወዲያው። እንደተነካች ባልቴት ወገቧን ቀና አደረገች። «ያችን ጥቂት ገብስ ለያንዳንዱ በድርሻው እየሰፈርኩ፣ ከጓያው ጋር ግማሽ በግማሽ እያደረግሁ ነው የጋገርኩት። ለጓያማ እንዲሁ ልጆቼን አልሰጥም።»

«ለሱም?»

«ለሱማ...» አለችና አሰበች። «ለሱ እንኳን ለብቻው ነበር። ያን ዓመት ገብስ እያቃረኝ ነው አለ። የኔን ቂጣ የጓያ ብቻ አድርጊልኝ አለኝ፤ አደረግሁለት።»

ስለ ላብራቶሪ አይጥ ቢሆን የምጠይቀው ጥያቄ ነበር፤ አፌ ከልቤ ቀድሞ ጠየቀው። «የሱ የገብስ ድርሻስ?»

«ላንቺ ነዋ» አለች እምዬ። «ራሱ እየሰፈረ ካንቺ ስልቻ ይጨምረው ነበር። እኔን ካልተስማማኝ ተማሪዋ ትብላው አለ። መቼም የሱን ቸርነት ታውቂያለሽ።»

ደነገጥኩ ብል ውሸት ይሆናል፤ ድንጋጤ ትንሽ ነገር ነው። ያ ስልቻ ትዝ አለኝ፤ አገሩ ሲከሳ እየደለበ የሚመጣው። የቆረጠምኩት ቆሎ፣ ያጠናሁበት ምሽት፣ እየኮራሁ ለጓደኞቼ ያካፈልኩት ቂጣ። ስንት ዓመት አይጥ ስከትፍ፣ ስንት ጨለማ ላይ ሳፈጥ የኖርኩበት ጥያቄ መልሱ እዚህ መደብ ላይ ተቀምጦ ቆሎ ይበላ ኖሯል። ተማርኩ የምለው ጭንቅላቴ በማን እግር እንደቆመ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ቀና ብዬ አየሁት። እጁ ቆሎ እንደዘገነ አፉ አጠገብ ቆሟል። የገብስ ቆሎ። በመጣሁ ቁጥር ከእጁ የማይጠፋው ገብስ ነው፤ በሶው፣ ቂጣው፣ ቆሎው። ቃር የሚባል ቃል ከአፉ ሲወጣ ግን አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም።

«ወንድማለም» አልኩት። «ገብስ ያቃርሃል?»

እምዬም ዓይኗ እጁ ላይ ነበር። ከእጁ ወደ ሰፌዱ፣ ከሰፌዱ ወደ ምርኩዞቹ ሄደ። «ልጄ፣ አንተ...» ብላ በአማርኛ ጀመረች፤ የቀረውን በአገሯ ቋንቋ በኽምጣንጋ ጨረሰችው። ልቧ ሲነካ እንዲያ ነው የምትናገረው። እሱ ግን በኽምጣንጋ አልመለሰላትም። ለሁለታችንም እንዲሆን ይመስለኛል፣ በአማርኛ ነው የመለሰው።

«እንፋሎቱ ነው» አለ። «ስንቴ ልንገራችሁ? በሩ ተዘግቶ ነበር፣ እኔም ተኝቼ ነበር። እንፋሎቱ ነው ያገኘኝ።»

የዘገነውን ቆሎ አፉ ውስጥ ጨመረና ማላመጥ ጀመረ።

እሳቱ ላይ ያለው ድስት ክዳኑን ያንኳኳ ጀመር። እምዬ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች፣ አፍና አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠቀለለች፣ ሄዳም በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።